ዋጫ የራቀችበት ክረምት

ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ማሽኑ ዛሬም ያንኑ ቃል አወጣ። ከሺሺንዳ የመጣ የአንድ ተማሪ አክታ ነው። ቲቢ አለው፤ ቲቢው ደግሞ ዋናውን መድኃኒት ተላምዷል። የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ሰላሐዲን ከኋላዬ ቆሞ አየና "ድገሚው" አለኝ። ደገምኩት። ያው ነው።

ከፋሲካ ወዲህ ከዚያ ከዋጫ መስመር ሦስተኛው ሰው መሆኑ ነው። መጀመሪያ ሺሺንዳ ገበያ ቅቤ የምትሸጠው በእምነት፣ ቀጥሎ ዋጫ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው፣ አሁን ደግሞ ይህ ልጅ። የጤና ጣቢያችን የቲቢ ክትትል ኃላፊ ጋሽ ደምመላሽ ውጤቱን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ሲጨነቁ እንዲህ ያደርጋሉ።

"ሦስቱ አይተዋወቁም" አሉ። "ዘመድ አይደሉ፣ ጎረቤት አይደሉ። ግን የሆነ ቦታ አንድ አየር ስበዋል። የት እንደሆነ ካላገኘን በሽታው እየቀደመን ነው የሚሄደው።"

ቤት ስገባ ፀዲ ሮጣ መጥታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። ስሟ ፀደንያ ነው፤ እሷ ግን ፀዲ ነኝ ብላ ወስናለች። ሁለት ዓመቷን ካለፈች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነው፤ ቤቱን የምታዝዘው ግን እሷ ናት። አንገቴ ሥር ካልገባች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ጉንፋኑ አልለቀቀኝም። በቦንጋ ዝናብ የማይስል ማን አለ።

ግንቦት 30

በጥድፊያ። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ዋለ። የናሙና መቀበያው ክፍል አየር ማውጫ እንደቆመ ነው፤ ይጠገናል ይሉናል። ሰው ፊቴ ላይ እየሳለ የአክታውን ኩባያ ያቀብለኛል። መስኮቱን ስከፍተው ዝናቡ ይገባል፣ መልሼ እዘጋዋለሁ።

ጠዋት አብነት "ቀሚሱ ሰፋሽ እኮ" አለኝ። ፀዲን ስሸከም ነው የከሳሁት አልኩት። ሳቀ። ባሌ ሲስቅ ነገሩ ያለቀ ይመስለኛል።

ሰኔ 4

ተገኘ!

ጋሽ ደምመላሽ በሞተራቸው ሺሺንዳ ደርሰው ጭቃ በጭቃ ሆነው ተመለሱ። በእምነትን ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ ኑሮዋ ነው የጠየቋት፤ የት ትውያለሽ፣ ከማን ጋር፣ በምን ትሄጃለሽ እያሉ። ቅቤ ልትሰበስብ ዋጫ ትመላለሳለች። ሁሌ በአሞጽ ሚኒባስ ነው፤ ሁሌ ከፊት ወንበር ነው። ተማሪውም ቤተሰቡ ዘንድ የሚሄደው በአሞጽ መኪና ነው። የወፍጮ ቤቱም ሰውዬ እንዲሁ። ዝናብ ሲመጣ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል፤ ከቦንጋ እስከ ዋጫ ያ ሁሉ ሰው የሚተነፍሰው አንድ አየር ነው።

አሞጽን አውቀዋለሁ። የአብነት እናት እትዬ አስካለማርያም ዋጫ ስለሚኖሩ፣ እሳቸው ዘንድ ስንሄድ የምንሳፈረው በእሱ መኪና ነው። ለፀዲ ከረሜላ ይሰጣታል። ለፋሲካ ስንሄድ መሪውን ይዞ ሲስል "ታከም እንጂ" ብዬው ነበር። "ጉንፋን ነው ሲስተር" አለኝ። ነርስ አይደለሁም፣ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው ብለው አይሰማም፤ ለእሱ ነጭ ጋውን የለበሰች ሁሉ ሲስተር ናት።

ፀዲ ጭኔ ላይ ነበረች። ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ሰኔ 9

አሞጽ ተጠርቶ መጣ፤ አክታውን ሰጥቶ እየቀለደ ሄደ። ውጤቱ ከሦስቱ ሰዎች ጋር አንድ ነው። ሰላሐዲን ሲደውልለት ስልኩ ተዘግቷል። መኪናዋ መናኸሪያ ቆማለች። ቁልፉን ለባለንብረቱ መልሶ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ወሬውን ከእኛ በፊት የነገረው ሰው አለ።

ሰኔ 16

ማንኪራ ጫካ ደርሰን መጣን። ደክሞኛል፤ ግን ሳልረሳው ልጻፈው።

ጋሽ ደምመላሽ የአሞጽ አጎት እዚያ ንብ እንደሚያረባ ሰምተው ነው የሄድነው። ሞተሯን መንገዱ ያበቃበት ትተን በእግር ጫካው ውስጥ ገባን። ዝናቡ ቆሞም እንኳ ከላይ ከዛፎቹ ሲንጠባጠብብን ነበር። ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረኝና ደጋግሜ ቆምኩ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት ጋሽ ደምመላሽ ቀድመውኝ እየወጡ ይጠብቁኛል።

"ወንበር ላይ መዋል ነው እንዲህ ያደረገኝ" አልኳቸው።

አተኩረው አዩኝ። ከዚያ እርምጃቸውን ቀንሰው አብረውኝ ወጡ።

አሞጽን ከአጎቱ ቤት ጓሮ ቀፎ ሲያበጅ አገኘነው። ሲያየን አልሮጠም። እጁን በሱሪው ጠረገና ተነሣ።

"ልታሳስሩኝ ነው?"

"ልናሳክምህ ነው" አሉት ጋሽ ደምመላሽ። "መድኃኒቱ አለ፤ በነፃ ነው። ስድስት ወር ትውጣለህ፣ ትድናለህ።"

"መኪናዬስ?"

"ከበሽታው እስክትጸዳ አትነዳም። ቤትህም ለብቻህ ትተኛለህ።"

"ልጅ አለኝ እኮ ጋሼ። ገና ዓመት አልሞላውም።"

ይሄኔ እኔ ገባሁበት። ለልጅህ ስትል ነው አልኩት፤ ሕፃን በዚህ በሽታ ቶሎ ይጎዳል፤ ውጤትህ እስኪጸዳ አትቀፈው፣ አትሳመው፣ አንድ ክፍል ውስጥ አትደሩ። ለሁሉም የምለውን ነው ያልኩት። አፌ ለምዶታል።

"ሲስተር" አለኝ፣ "አንቺም ልጅ አለሽ፤ ፀዲ። አንቺ ብትሆኚ ትችያለሽ?"

"እችላለሁ" አልኩት። ሳላስብበት።

ቀፎውን አንሥቶ ዳር አስቀመጠ። "ዛሬ ከእናንተ ጋር ከወረድኩ ሰው እንደ ሌባ የተያዝኩ ይመስለዋል። ነገ ራሴ እመጣለሁ" አለ። አጎቱ ማር በኮባ ጠቅልለው ሰጡን። እንቢ ማለት ከበደን።

ስንወርድ ጋሽ ደምመላሽ "ይመጣል ብለሽ ታስቢያለሽ?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እኔ ያስጨነቀኝ መልሱ ነበር፤ "እችላለሁ" ያልኩት። ቤት ገብቼ ፀዲን አቅፌ ብዙ ቆየሁ።

ሰኔ 18

መጣ። አንድ ቀን አሳልፎ፣ ግን መጣ! ሚስቱና ልጁ ተመርምረው ነፃ ናቸው፤ የሚስቱ እናት ዘንድ ሺሺንዳ ሊወስዷቸው ነው። መድኃኒቱን ጀመረ።

ሰኔ 26

ሰላሐዲን ዛሬ ጓንቱን እያወለቀ "አንቺስ?" አለኝ።

"እኔ ምን?"

"ሳልሽ ስንት ጊዜው ነው? ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን ኩባያ ሰጥተሽው ነበር።"

ነገ አልኩት። ነገ ደግሞ አብነት ትምህርት ቤት ፈተና ሊያርም ይሄዳል፣ ፀዲን የሚይዝልኝ የለም። ሰሞኑን ላብ እያጠመቀኝ ነው የምነቃው፤ ብርድ ልብሱ ወፍራም ነው። ለወጥኩት።

ሐምሌ 2

ሰላሐዲን ስሜን የጻፈበትን ኩባያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና በሩን ዘግቶብኝ ወጣ። አክታዬን ሰጠሁት።

ከሰዓት በኋላ መጥቶ "ሩሀማ፣ ቁጭ በይ" አለኝ።

"እንደ አሞጽ ነው?"

"እንደ አሞጽ ነው።"

ከላቦራቶሪው ይሁን ከመኪናው ማን ያውቃል። ሁለት ወር ሙሉ አንገቴ ሥር የተኛችው ማን እንደሆነች ግን አውቃለሁ።

ሐምሌ 3

ለአብነት ደጅ ላይ፣ ራቅ ብዬ ቆሜ ነገርኩት። የመጀመሪያ ቃሉ "ፀዲስ?" ነበር። እኔም ብሆን የምለው እሱኑ ነው። ቢሆንም "አንቺስ?" እስኪል ጠበቅሁ። አለ። ዘግይቶ አለ።

ሐምሌ 5

ፀዲ ተመረመረች። ትንንሽ ልጆች አክታ መትፋት ስለማይችሉ ሰገራቸው ነው የሚመረመረው። የሌላ ሰው ልጆችን ናሙና ስሠራ ስንት ጊዜ ሻይዬን እየጠጣሁ ጠብቄያለሁ። ዛሬ ወደ ላቦራቶሪው መግባት አልችልም። ከጣራው ጠርዝ ሥር ቆሜ በመስኮቱ የሰላሐዲንን ጀርባ አይ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል። ጽዳት የምትሠራው ልጅ ወንበር አመጣችልኝና ራቅ አድርጋ አስቀምጣልኝ ሄደች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ወንበሩን ግን በእግሯ ገፋ አድርጋ ነው ያቀረበችልኝ።

ሰላሐዲን ዘወር ሲል ፊቱ በጭምብል ተሸፍኗል፤ ምንም አይነበብም። ከዚያ መስኮቱን ከፍቶ ጮኸ፦ "የለባትም! የለባትም ሩሀማ!"

እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። አብነትም ነፃ ነው። ለጥንቃቄ ግን ፀዲ የመከላከያ መድኃኒት በየቀኑ ትውጣለች፤ ዋጫ ሄዳም ከአያቷ ጋር ትቆያለች። ወስነናል። ወስኛለሁ።

ሐምሌ 7

እትዬ አስካለማርያም ራሳቸው መጡ። ጭምብል አድርጌ አጥሩ ዳር ቆምኩ። እሳቸው የፀዲን ልብስ በፌስታል አንጠልጥለው፣ ከሩቅ በጎረነነ ድምፃቸው "የልጅቷን ነገር ለእኔ ተዪው። እኔ ስድስት አሳድጌያለሁ። አንቺ ዳኚ ብቻ" አሉኝ።

በቅንነት ነው ያሉት። እንዲህ ብዬ ጽፌ ልተወው።

ፀዲ በአብነት ትከሻ ላይ ሆና እጆቿን ዘረጋችልኝ። "እማ፣ ነይ።" ሥራ አለብኝ፣ እመጣለሁ አልኳት። "እማ ነይ፣ እማ ነይ" እያለች እስከ መናኸሪያው መታጠፊያ ድረስ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በኋላም።

ሐምሌ 12

ክኒኖቹ ብዙ ናቸው። ያቅለሸልሹኛል። በየጠዋቱ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ አቮካዶው ዛፍ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ እንቀመጣለን፤ አሞጽ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። ጋሽ ደምመላሽ ስንውጥ ያዩናል።

አሞጽ ስለ እኔ ሰምቷል። ትናንት "ሲስተር፣ ከእኔ መኪና ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አይታወቅም። ላቦራቶሪውም ይሆናል።"

"አይታወቅም ስትይ ከፊቴ ነው የምትይው ወይስ እውነት አይታወቅም?"

"እውነት አይታወቅም።"

ራሱን ነቀነቀ። ያመነኝ አልመሰለኝም።

ሐምሌ 20

ስልክ። እትዬ አስካለማርያም ስልኩን ለፀዲ ጆሮ አስጠጉላት። "ፀዲዬ" አልኩ። ትንፋሿ ይሰማኛል። ስለ ድመቷ ጠየቅኋት፣ ስለ ጫማዋ ጠየቅኋት። ከዚያ ስልኩ ወደቀና የምትሮጥበት ኮቴ ተሰማኝ።

ዋጫ ኔትወርኩ መጥፎ ነው።

ሐምሌ 29

በእምነት አረፈች። ቅቤ ነጋዴዋ። ሳምባዋ ቀድሞ ተጎድቶ ነበር፤ መድኃኒቱ ዘግይቶ ነው የደረሰላት። ሁለት ሴት ልጆች አሏት፤ ለቅሶው ላይ ነው የተመረመሩት፣ ጋሽ ደምመላሽ እዚያው ለቅሶው ቤት ናሙና ወሰዱላቸው። ምን እንደምጽፍ አላውቅም ዛሬ።

አሞጽ አግዳሚው ላይ ክኒኖቹን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። አልዋጠም።

"ከፊት ነበር የምትቀመጠው" አለ። "ማርሽ ስቀይር ክርኔ ይነካት ነበር። 'አሞጽ ቀስ በል፣ ቅቤው ይደፋል' ትለኝ ነበር።"

ጋሽ ደምመላሽ አጠገቡ መጥተው ተቀመጡ፤ ጭምብላቸውን አድርገው፣ ግን አጠገቡ። "ዋጠው" አሉት። "ዛሬ የምትውጠው ከአንተ በኋላ ፊት ወንበር ላይ ለምትቀመጠው ነው።"

ዋጠው። እኔም ዋጥኩ።

ነሐሴ 8

ሱቅ ሄጄ ነበር። ከውስጥ የሁለት ሴቶች ድምፅ። "ልጇን አውጥታ ጣለች እኮ፤ ምን ዓይነት እናት ናት" አለች አንዷ። ሌላዋ "ኧረ በሽታው እኮ ነው" አለቻት። "በሽታስ ቢሆን። እኔ ብሆን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሰጥም።" ሳሙናውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

አብነት በየሳምንቱ ዋጫ ይሄዳል። በስልኩ ቀርጾ ያመጣልኛል። እሱ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ እናያለን። የዛሬው ላይ ፀዲ ዶሮ ታባርራለች፣ አብራም ታወራለች። የምትለው አልገባኝም። እትዬ አስካለማርያም ቤት ውስጥ ካፊኖኖ ስለሆነ የሚያወሩት ልጄም በካፊኖኖ ነው የምታወራው። እኔ የዲላ ልጅ ነኝ፤ እዚህ አገር ስድስት ዓመት ኖሬ ከሰላምታ አላለፍኩም።

"ምን እያለች ነው?" አልኩት።

"ዶሮዋን ቤትሽ ግቢ እያለቻት ነው" አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደስ ይላል፣ ቋንቋ ማወቋ ጥሩ ነው።

ነሐሴ 17

እግሬን መርፌ መርፌ ይለኛል፤ መድኃኒቱ ነው። ፀጉሬም ስለሚነቃቀል አሳጥሬ ተቆረጥኩት። የመጀመሪያው ወር ናሙናዬ ለካልቸር ወደ ትልቁ ላቦራቶሪ ተልኳል። ተሐዋስያኑ ይበቅሉ እንደሆነ ለማየት ሳምንታት ይጠብቁታል። ሁለት ውጤት ተከታትሎ ንጹሕ ካልሆነ ልጅ ማቀፍ የለም። ይህንን ደንብ ለሰው ስናገር አጭር ይመስለኝ ነበር።

የፀዲ ትራስ ላይ ሽታዋ እየጠፋ ነው። አላጥበውም።

ነሐሴ 24

ዛሬ ልሄድ ነበር።

ትናንት አብነት ባመጣው ቪዲዮ ላይ ፀዲ ድንጋይ አደናቅፏት ወደቀች። አልቅሳ ተነሣችና "እማ!" ብላ ሮጠች። ወደ አያቷ። እትዬ አስካለማርያም ጉልበቷን እፍ እፍ አሉላትና ዝም አለች። አብነት ቪዲዮውን ቶሎ ዘጋው። "ሁሉንም ሴት ነው እማ የምትለው" አለኝ። አልጠየቅሁትም ነበር።

ጠዋት ጭምብሌን አድርጌ፣ ነጠላ ተከናንቤ መናኸሪያ ወረድኩ። ከአጥር ውጭ ሆኜ አይቻት እመለሳለሁ፣ አልጠጋትም፣ ማንንም አልነካም እያልኩ ነው የሄድኩት። የዋጫው ሚኒባስ ሰው እየሞላ ነበር። ከኋላ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ አጠገቤ መጣችና ልጇን አውርዳ ጭኗ ላይ አደረገችው። ልጁ የነጠላዬን ጥለት ያዘብኝ። ዝናቡ ጀመረ። ረዳቱ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋቸው። እኔ ያንን እያየሁ ተቀምጫለሁ። እኔ።

መስኮቱ ተንኳኳ። አሞጽ ነው፤ ጭምብሉን አድርጎ ዝናብ ላይ ቆሟል። መንዳት ቢከለከልም ከመናኸሪያው አይጠፋም፤ ራቅ ብሎ መኪኖቹን ሲያይ ይውላል።

ከፈትኩት።

"ሲስተር፣ ውጤት መጣ እንዴ?"

"አልመጣም።"

አጠገቤ ያለውን ሕፃን አየው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ውረጂ።"

"ከአጥር ውጭ ነው የማያት አሞጽ። አልገባም።"

"አውቃለሁ። እኔም ሺሺንዳ ልጄን ከአጥር ውጭ ሆኜ ልየው እላለሁ። በየቀኑ እላለሁ። ከዚያ ያቺ የፊት ወንበር ትታየኛለች።" ዝናቡ ከግንባሩ ላይ ወደ ጭምብሉ ይወርዳል። "ማንኪራ ላይ እችላለሁ ብለሽኝ ነው የወረድኩት። አንቺ ከሄድሽ እኔም እሄዳለሁ። ምን አስቀረኝ?"

ወረድኩ። ሴትዮዋ "እህቴ፣ ምን ረሳሽ?" አለችኝ። "ዕቃ" አልኳት። የልጇን ጣቶች ከጥለቱ ላይ ቀስ ብላ አስለቀቀችልኝ።

መኪናው ሲወጣ እኔና አሞጽ ከቆርቆሮው ሥር በየጥጋችን ቆመን አየነው። አላጽናናኝም፣ አላጽናናሁትም። ዝናቡ ሲያባራ በየፊናችን ሄድን።

ለአብነት አልነገርኩትም። ሕፃኑ ጤነኛ ይሁን። በዚያች ጥቂት ጊዜ ምንም አይሆንም፣ ጭምብል አድርጌ ነበር፣ መድኃኒት ላይ ነኝ። ይህንን ሁሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሴትዮዋን ስም ሳልጠይቅ መውረዴ አላስቀመጠኝም። ለጋሽ ደምመላሽ ነገ እነግራቸዋለሁ።

ነሐሴ 25

ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ረዳቱን ጠይቀው ሴትዮዋን አገኟት፤ ለማንኛውም እሷም ልጇም ይታያሉ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። "የወረድሽው ነው የሚቆጠረው" ብቻ አሉኝ። ያ የባሰ አስለቀሰኝ።

መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

አዲስ ዓመት። አብነት ዋጫ ዋለ፤ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። የሰፈር ልጆች አበባየሆሽ እያሉ መጥተው አጥሩ ጋ ሲደርሱ እናታቸው ጠራቻቸው። ለእነሱ በር ላይ ያስቀመጥኩት ድፎ እንዳለ ቀረ። ሰላሐዲን ማምሻውን መጥቶ ደጅ ተቀምጦ ግማሹን በላልኝ።

መስከረም 15

የመጀመሪያው ካልቸር ንጹሕ! ምንም አልበቀለም።

የአሞጽ ግን በቅሏል። ጋሽ ደምመላሽ ሲነግሩት እኔን እያየ "የሲስተርስ?" አለ። ወረቀቴን ወደ ኋላ ደበቅሁ። "ጎሽ" አለ። "ጎሽ። አንዳችን እንኳ ይሂድ።" ከዚያ ክኒኖቹን ዋጠ።

መስከረም 28

እትዬ አስካለማርያም ራሳቸው ደወሉ። ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ከልጃቸው ጋር ነው። መድኃኒቱን በማር ለውሰው እንደሚሰጧት፣ አንድም ቀን እንዳላሳለፉ ነገሩኝ። "መራራ ነው መሰል ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ግን ትውጣለች። እናትሽም እየዋጠች ነው እላታለሁ" አሉኝ።

በየቀኑ ስለ እኔ ሲነግሯት ኖረዋል። እኔ እዚህ ተቀምጬ ልጄን የወሰዱብኝ ያህል ስቆጣቸው ነበር። በአፌ አመሰግናለሁ ብቻ ነው ያልኩት፤ ሌላው አልወጣ አለኝ።

ጥቅምት 12

ሁለተኛውም ንጹሕ ነው። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ፣ ደረቴን አዳምጣ፣ "መድኃኒቱን እስከ ታኅሣሥ ትጨርሻለሽ። ልጅሽን ግን ሂጂና እቀፊ" አለችኝ። ደግመሽ በይው አልኳት። ደገመችልኝ።

አሞጽ ዛፉ ሥር ነበር። የእሱ ሁለተኛ ውጤትም በቅሏል፤ መድኃኒት ሊለውጡለት ነው። ላጽናናው ጠጋ አልኩ። እሱ ግን ቀደመኝ፦ "ዋጫ ስትሄጂ ሺሺንዳ ላይ መስኮቱን ክፈቺና ወደ ገበያው በኩል እይልኝ። ሚስቴ ልጁን ይዛ ትቆማለች፤ ነግሬያታለሁ። ምን እንዳከለ ትነግሪኛለሽ።"

ጥቅምት 15፣ ዋጫ

ከአብነት ጋር ጠዋት ተሳፈርን። ሺሺንዳ ላይ መስኮቱን ከፍቼ የአሞጽን ልጅ አየሁት። ቆሟል፤ የእናቱን ጣት ይዞ በሁለት እግሩ ቆሟል። እጁን አወዛወዝኩለት። እዚያው ለአሞጽ ደወልኩ። "ይቆማል" አልኩት። ከዚያ "ኧረ ይሄ ልጅ" ብሎ ሳቀ፣ ስልኩም ተዘጋ። በዚህ በኩል እንኳ ኔትወርኩ ደህና ነበር።

እትዬ አስካለማርያም ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ የተሰጣ ቀይ ቡና እያገላበጡ ነበር። ፀዲ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ፍሬ ትለቅማለች። ረዝማለች። ፀጉሯን ሹሩባ ሠርተውላታል። ልብሷን አላውቀውም።

"ፀዲ" አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። አጭር ፀጉሬን፣ የከሳ ፊቴን አየች። ተነሥታ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ገባች።

"እናትሽ እኮ ናት" አሏት እትዬ አስካለማርያም፤ በአማርኛ አሏት፣ በካፊኖኖም ደገሙላት። አልመጣችም። አብነት አንሥቶ ሊሰጠኝ ሲል ተወው አልኩት። ደጁ ላይ የተጋደመው ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ አስካለማርያም መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ትከሻዬን አቀፉኝ። ከሐምሌ ወዲህ ያቀፈኝ ሰው አልነበረም። ማልቀስ አልፈለግሁም፤ ልጅቷ ትፈራለች። ያመጣሁትን ቀሚስ አላወጣሁትም። ፀዲ ከሩቅ ታየኛለች፣ ሳያት ዞር ትላለች።

ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ጠብጠብ አለ። ሁሉም ቡናውን ሊያነሣ ተሯሯጠ። አብነት ሰሌኑን በአንድ በኩል፣ እናቱ በሌላ በኩል ይዘው ወደ ቤት ገቡ። እኔ የተንጠባጠበውን ፍሬ ልለቅም ተንበርክኬ ቀረሁ፤ ዝናቡ ጀርባዬን ሲመታኝ እንኳ መነሣት አልቻልኩም።

ከዚያ እጅጌዬ ተጎተተ።

"እትዬ" አለችኝ። አክብራ፣ አያቷ ለእንግዳ በሚሉበት ድምፅ። "ዝናብ መጣ። ይግቡ።"

እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት። ገባን።